የተረፈ የወይራ ችግኝን ድንክ ዛፍ (ቦንሳይ) አድርጎ ማሳደግ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች የክረምቱ የችግኝ ተከላ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲገባደድ፣ በየችግኝ ጣቢያው መደብ ላይ ሳይነሡ የሚቀሩ ችግኞች ይኖራሉ። ከእነዚህም መካከል ወይራ ብዙውን ጊዜ ይገኝበታል። ገበሬው ቶሎ የሚደርሰውን ባሕር ዛፍ አስቀድሞ ስለሚወስድ፣ በዝግታ የሚያድገው ወይራ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አዲስ ችግኝ ስለሚደርስ አሮጌው እንደገና ይታለፋል። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ወዲህ የችግኝ ሥራው እየሰፋ በመሄዱ፣ የተረፈው ችግኝ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በየጣቢያው የሚነሣ ሆኗል።

አንድ ችግኝ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲቆይ ዋናው ሥር መውረጃ ያጣል። ከዚህም የተነሣ በቱቦው ግርጌ እንደ ገመድ ይጠመጠማል። እንዲህ ያለው ችግኝ እንዳለ በተራራ ላይ ቢተከል ለጊዜው የጸደቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ግንዱና ሥሩ እየወፈሩ ሲሄዱ የተጠመጠመው ሥር ራሱን በራሱ ያንቃል፤ ዛፉም መሬት ቆንጥጦ ስለማይይዝ በነፋስ ይወድቃል። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው እንዲህ ያለው ችግኝ ለተከላ እንዳይሰጥ ቢከለክል ትክክል ነው። ነገር ግን ለተከላ የማይሆን ሁሉ ለምንም አይሆንም ማለት አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በአነስተኛ ዋጋ ወይም በነፃ የሚገኘውን ይህን ያረጀ ችግኝ በሸክላ ጣባ ውስጥ የሚኖር ድንክ ዛፍ ለማድረግ የሚያስችለውን አሠራር በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። የአሠራሩ ዋና ሕግ አንድ ነው። ይኸውም በአንድ ወቅት አንድ ቁስል ብቻ፣ እርሱም ዝናብ ባለበት ጊዜ፣ የሚለው ነው። ከዚህ በታች የሚገኘው ዝርዝር ሁሉ ከዚህ ሕግ የሚወጣ ነው።

2. ድንክ ዛፍ ምንድን ነው?

ቦንሳይ የጃፓንኛ ቃል ሲሆን በዝርግ ዕቃ ውስጥ የተተከለ ማለት ነው። ጥበቡ ከቻይና ወደ ጃፓን የተሻገረ ነው። በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1923 ከደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ የዚሁ ሥራ ባለሙያዎች ከከተማው ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1925 ኦሚያ በሚባለው ስፍራ የድንክ ዛፍ መንደር መሥርተዋል። መንደሩ ዛሬም ይገኛል። ዛፎቹ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ ሲገረዝና ሲታነጽ የኖረ አንድ የጃፓን ነጭ ጥድ በ1945 በሂሮሺማ ከደረሰው የአቶሚክ ቦምብ ተርፎ፣ በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጥቷል።

ድንክ ዛፍ የተለየ ዝርያ አለመሆኑን ለማኅበሩ አባላት አስቀድሞ ማስገንዘብ ያስፈልጋል። ዘሩ እንደማንኛውም ወይራ ነው። ከድንኩ ወይራ የተለቀመ ፍሬ ሜዳ ላይ ቢዘራ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ተክሉን ትንሽ የሚያደርገው ዝርያው ሳይሆን ሥሩ በአነስተኛ ቦታ መወሰኑና ጫፉ ዘወትር መገረዙ ነው።

በአንድ የሥልጠና ቀን አንድ አዛውንት ገበሬ፣ «ልጄ፣ እግዜር ትልቅ አድርጎ የፈጠረውን ዛፍ እንዲህ አሳንሶ ማሰቃየት ነውር አይሆንም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የልማት ሠራተኛውም ሊቀርብለት እንደሚችል ይወቅ። የሰጠሁት መልስ እንዲህ የሚል ነበር። ቡና ሲያረጅ ይጎነደላል፣ የአጥር ተክል በየዓመቱ ይከረከማል፤ ተክሉ ግን በዚህ አይሞትም፣ እንዲያውም ይታደሳል። ተክልን የሚያሰቃየው ጥማት፣ ጨለማና ያለ ጊዜው የተደረገ ቁስል ነው። በእርግጥም በትክክል የተያዘ ድንክ ዛፍ ይለመልማል፣ ያብባል፣ ፍሬም ሊይዝ ይችላል።

3. ወይራ የተመረጠበት ምክንያት

ወይራ፣ በኦሮምኛ ኤጄርሳ፣ ለዚህ ሥራ የሚስማሙ በርካታ ጠባዮች አሉት።

ሀ. ከአሮጌ ግንድ ላይ ያቆጠቁጣል። ቅጠል የሌለው ራቁት ግንድ ቢቆረጥ እንኳ ከጎኑ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ስለዚህ ስሕተትን ይታገሣል።

ለ. ቅጠሉ ጠባብ ነው። በተደጋጋሚ ሲገረዝና በቂ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል።

ሐ. ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ስለዚህ ከአንድ ጥንድ ቅጠል በላይ ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት አዲስ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ቅርንጫፉም ቶሎ ይበዛል።

መ. ደረቅ አየርንና የደጋውን ብርቱ ፀሐይ ይችላል። በአሰላ አካባቢ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ያለ ልዩ መጠለያ ያድጋል።

ሠ. ግርዛፊው አይጣልም። የወይራ እንጨት የወተት ዕቃ ለማጠን የሚውል መሆኑ በአርሲ ቤት ሁሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ የደረቀው ግርዛፊ ለቤት አገልግሎት ይውላል።

በደቡብ አፍሪካ ይኸው የዱር ወይራ በድንክ ዛፍ አሳዳጊዎች ዘንድ በጣም ከተለመዱት ተክሎች አንዱ ነው። እኛም ዘንድ ዛፉም ችግኙም አለ፤ የጎደለው አሠራሩን ማወቅ ብቻ ነው።

4. ተክል ከደን እንዳይነቀል

ወደ አመራረጡ ከመግባታችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ ነው። ይህን ሥራ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ከብት እየበላው፣ ድንጋይ ላይ ተጣሞ ያረጀ ወይራ ከተራራ ነቅሎ ማምጣትን ነው። መልኩ ያማረ፣ ግንዱም የወፈረ ስለሆነ የብዙ ዓመት ድካም የሚቀንስ ይመስለዋል።

ይህ እንዳይደረግ የልማት ሠራተኛው አጥብቆ መከልከል ይገባዋል። አንደኛ፣ ያለ ፈቃድ ከደን ተክል መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው። ሁለተኛ፣ በድንጋይ መካከል የበቀለ ያረጀ ወይራ መጋቢ ሥሮቹ ከግንዱ ርቀው ስለሚገኙ ሲነቀል አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ሦስተኛ፣ ከብት እየቀነጠሰው የቆየው ያ ቁጥቋጦ ቦታው ተከልሎ ቢጠበቅ ነገ ዛፍ የሚሆነው እርሱ ነው። የተራቆተውን ተራራ ለማልበስ ችግኝ እያፈላን፣ በሌላ እጃችን ከዚያው ተራራ ተክል ብንነቅል ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለድንክ ዛፍ የሚውለው ተክል ከችግኝ ጣቢያ የተረፈው ብቻ መሆን አለበት።

5. የችግኝ አመራረጥ

ብዙ ሰው ረጅሙንና ለምለሙን ችግኝ ያነሣል። ለዚህ ሥራ ግን ቁመት ዋጋ የለውም፤ አብዛኛው ቁመት ይቆረጣልና። ሲመረጥ የሚታየው ከታች ወደ ላይ ነው።

ሀ. የግንዱ ግርጌ። የላይኛው አፈር በጣት ገለል ተደርጎ ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይታይ። ቢያንስ የአውራ ጣት ያህል የወፈረና ወደ ሥሩ ሲወርድ ሰፋ የሚል ይመረጣል።

ለ. የላይኛው ሥር አቀማመጥ። ሥሮቹ በግንዱ ዙሪያ በተለያየ አቅጣጫ የተዘረጉ ቢሆኑ መልካም ነው። አንድ ወፍራም ሥር አንገቱን ዞሮ ያነቀው ችግኝ ይተው።

ሐ. የታችኛው ቅርንጫፍ። ከግርጌው ከ5 እስከ 10 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ ሕያው ቅርንጫፍ ወይም ቅጠል ያለው ይመረጥ።

መ. ጤንነት። የግንዱ ልጥ በጥፍር በትንሹ ሲፋቅ ከሥሩ አረንጓዴ መሆን አለበት። በቅጠል ጀርባና በቅርንጫፍ ላይ የተጣበቁ ቡናማ ነቁጥ መሳይ ነፍሳት ካሉ በሳሙና ውሃ ታጥበው እስኪጠፉ ድረስ ከሌሎቹ ይለይ።

ጠማማ ግንድ ጉድለት አይደለም። ለተከላ የማይፈለገው ጎባጣ ችግኝ ለዚህ ሥራ ከቀጥታው ይሻላል።

6. መሣሪያና አፈር

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ከገበያና ከቤት የሚገኙ ናቸው። እነርሱም የመግረዣ መቀስ፣ ትንሽ መጋዝ፣ የተሳለ ቢላዋ፣ ሥር ለመፍታት ወስፌ፣ እንዲሁም ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ ናቸው። ስለታማ መሣሪያ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመተላለፉ በፊት በአልኮል ይጠረግ ወይም በእሳት ይለብለብ።

አፈሩ ከተራው የችግኝ አፈር ይለያል። የአርሲ ጥቁር አፈር እንዳለ በጠባብ ዕቃ ውስጥ ቢገባ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥር ያበሰብሳል፣ በበጋ ደግሞ እንደ ጡብ ይደርቃል። ስለዚህ ውሃ የሚያሳልፍ ድብልቅ ይዘጋጃል፦

— 2 እጅ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ ፑሚስ (ብሎኬት የሚሠራበት ቀላልና ቀዳዳማ ድንጋይ)፣ ወይም ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተደቅቆ፤
— 1 እጅ በሚገባ የበሰለ ኮምፖስት፤
— 1 እጅ የላይኛ አፈር።

ድንጋዩ በአሸዋ ወንፊት ተነፍቶ የስንዴ ፍሬ ወይም የሽምብራ ፍሬ የሚያህለው ይወሰዳል። ዱቄቱ ግን ቀዳዳ ስለሚደፍን ይጣላል። ድብልቁ ትክክል መሆኑን ለማወቅ በዕቃ ተሞልቶ ውሃ ይፈስስበታል። ውሃው በላዩ ሳይቋጥር ወዲያው ከታች ከወጣ ደኅና ነው።

7. አንድ ቁስል፣ በዝናብ ጊዜ

ይህን ሕግ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የችግኝ ጣቢያ የተረፉ የወይራ ችግኞች አግኝቼ ለሠርቶ ማሳያ እንዲሆኑ ፈለግሁ። ወሩ ጥር ነበር። ጎብኚዎች ይመጣሉ ስለተባለ ቸኮልኩ። በአንድ ቀን ሥራቸውን ከግማሽ በላይ ቆርጬ፣ ጫፋቸውን ገርዤ፣ ቅርንጫፋቸውን በሽቦ ጠምዝዤ በጠባብ ዕቃ ተከልኳቸው። በዚያ ዕለት እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ ጎብኚዎቹም አደነቁ። የጥርና የየካቲት ደረቅ ነፋስ ግን ወዲያው ቅጠላቸውን ማጠውለግ ጀመረ። እኔም ጥማት መስሎኝ ውሃ አበዛሁ፤ የተቆረጠው ሥርም በሰበሰ። ከዚያ ሁሉ ችግኝ የተረፈው በእጅ ጣት የሚቆጠር ነው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ የጣቢያው ሠራተኛ የሞቱትን ሲሰበስብ፣ «ሦስት ዓመት ውሃ ያጠጣሁት ነበር» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም። ንግግሩ ከወቀሳ ይበልጥ ከበደኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቅጠል ውሃ ያወጣል፣ ሥር ውሃ ያስገባል። ሥር ሲቆረጥ የሚገባው ውሃ ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ግን በደረቅ ነፋስ ውስጥ እንደ ቀድሞው ያወጣል። በሌላ በኩል አዲስ ሥር የሚበቅለው ቅጠሉ በሚያዘጋጀው ምግብ ነው። ስለዚህ ሥሩንም ቅጠሉንም በአንድ ቀን የቆረጠ ሰው ተክሉ የሚድንበትን ስንቅ ሁሉ ነጠቀው ማለት ነው። በክረምት አየሩ እርጥብ በመሆኑ ቅጠሉ ብዙ ውሃ አያወጣም፤ ሥሩም የውርጩ ወቅት ከመድረሱ በፊት ለመጠገን ጊዜ ያገኛል።

8. የአሠራር ቅደም ተከተል

8.1 አንደኛ ዓመት፦ የሥር ሥራ (ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ)

ዝናቡ ከጸና በኋላ ደመናማ ቀን ይመረጥ። ፕላስቲኩ በቢላዋ ከላይ እስከ ታች ይቀደድና የአፈሩ ክምር ሳይበተን ይውጣ። የታችኛው አንድ ሦስተኛ፣ የተጠመጠመው ሥር ያለበት ክፍል፣ በመጋዝ ይቆረጥ። ቀሪው በወስፌ ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይፈታ። ዙሪያውን የሚዞር ወፍራም ሥር ካለ ይቆረጥ፤ ጸጉር የመሰሉት ቀጫጭን ሥሮች ግን ውሃና ምግብ የሚያስገቡት እነርሱ ስለሆኑ ይጠበቁ። በሥራው ላይ ሳለ ሥሩ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን።

ከዚያም ችግኙ በቀጥታ ወደ ጣባ አይገባም። ከ10 እስከ 12 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው፣ ከታች የተበሳ የእንጨት ሳጥን ከባሕር ዛፍ ጣውላ ቁርጥራጭ ይሠራና በተዘጋጀው አፈር ይተከልበታል። እንዳይነቃነቅም በቃጫ ገመድ ከሳጥኑ ጋር ይታሰር፤ የሚነቃነቅ ተክል አዲስ ሥር አይይዝም። ከነፋስ በተጠለለ ቦታ ለሦስት ሳምንት ያህል በከፊል ጥላ ሥር ከቆየ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ ይውጣ።

በዚህ ዓመት ቅርንጫፉ አይገረዝም። ዝርክርክ ቢመስልም ይተው።

8.2 ሁለተኛ ዓመት፦ የግንድና የቅርንጫፍ ግርዛት (መጋቢት ወይም ሚያዝያ)

የበልጉ ዝናብ ሲጸና ግንዱ ያጥራል። በልጉ ካልጣለ እስከ ሰኔ ይቆይ። የቁመቱ መለኪያ የግንዱ ግርጌ ውፍረት ነው፤ ቁመቱ የግርጌውን ውፍረት ስድስት እጥፍ ያህል ሲሆን ዛፍ ይመስላል። ለምሳሌ ግርጌው 3 ሳ.ሜ. ቢወፍር ቁመቱ 18 ሳ.ሜ. ገደማ ይሆናል። የሚቆረጠው ከአንድ የጎን ቅርንጫፍ በላይ ሲሆን፣ ያ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ቀንቶ አዲሱ ጫፍ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ግንዱ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል።

ከቀሩት ቅርንጫፎች የታችኛው ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ በሌላው ጎን፣ ሦስተኛው ወደ ኋላ እንዲሆን ይመረጡ። በአንድ አንጓ ላይ ፊት ለፊት ከበቀሉት ጥንዶች አንዱ ብቻ ይቀር። የቁስሉ ዳር በተሳለ ቢላዋ ይስተካከል።

ግንዱ ገና ቀጭን ከሆነ የልማት ሠራተኛው መታገሥን ያስተምር። አንድ የታችኛ ቅርንጫፍ ሳይገረዝ አንድ ወይም ሁለት ዓመት እንደ ልቡ ይደግ፤ ከእርሱ በታች ያለው ግንድ በዚሁ ምክንያት ይወፍራል፤ በኋላም ያ ቅርንጫፍ ይቆረጣል። ወደ ጣባ የገባ ተክል ግንዱ እጅግ በዝግታ ስለሚወፍር ማወፈሩ በሳጥን ሳለ ማለቅ አለበት።

8.3 ሦስተኛ ዓመት፦ በሽቦ ማቅናት (መስከረም ወይም ጥቅምት)

የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሁን። ከመጠምጠሙ በፊት ተክሉ ለአንድ ቀን ውሃ ካላገኘ ቅርንጫፉ በቀላሉ ይተጣጠፋል። የሽቦው ጫፍ ግንዱ ላይ ከጸና በኋላ በ45 ዲግሪ ያህል ዘንበል እያለ እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ ይጠምጠም፤ ከመጠን በላይ አይጥበቅ። የወጣት ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ያመለክታል፣ ያረጀ ዛፍ ግን ከቅርንጫፉ ክብደት የተነሣ ወደ ጎንና ወደ ታች ይላል። ስለዚህ ቅርንጫፉን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ዛፉን ሽማግሌ ያስመስለዋል።

ሽቦው በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይታይ። ልጡን መንከስ ሲጀምር ይነሣ፤ ሲነሣም ወደ ኋላ ከመጠቅለል ይልቅ በመቁረጫ ቁራጭ በቁራጭ ማንሣት ይሻላል። ክረምቱ ሲገባ እድገቱ ስለሚፈጥን ከግንቦት በኋላ ሽቦ ባይቀር ይመረጣል።

8.4 አራተኛ ዓመት፦ ወደ ሸክላ ጣባ ማዛወር (ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ)

ጣባው ከአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች ይታዘዛል። ከመተኮሱ በፊት ከሥሩ ሁለት ወይም ሦስት የጣት ያህል ቀዳዳዎች እንዲበሱለት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ከተተኮሰ በኋላ ሲበሳ ብዙው ይሰነጠቃል። ጥልቀቱ የግንዱ ግርጌ ውፍረት ያህል ወይም ትንሽ ቢበልጥ፣ ርዝመቱም የዛፉን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ይስማማል። ቀዳዳው በወንፊት ቁራጭ ይሸፈንና ተክሉ በአንደኛው ዓመት እንደተደረገው ሥሩ ተስተካክሎ ይተከላል፣ በሽቦም ከጣባው ጋር ይታሰራል። ግንዱ ከመካከል ትንሽ ወደ ጎን ቢሆን ለዓይን ይስማማል።

9. እንክብካቤ

ሀ. ውሃ። ጣት ወደ አፈሩ አንድ ሳ.ሜ. ገብቶ ደረቅ ሲያገኝ ከታች እስኪወጣ ድረስ ይጠጣ። በበጋ በየቀኑ ሊያስፈልግ ይችላል። በክረምት ግን ጣባው በድንጋይ ላይ ከፍ ተደርጎ ዝናቡ እንዲወርድ ይደረግ።

ለ. ፀሐይ። ወይራ የውጭ ተክል ነው። በሆቴል አዳራሽ ወይም በቢሮ ጥግ የተቀመጠ ወይራ ቀስ በቀስ ይሞታል። ለእንግዳ ማሳየት ቢያስፈልግ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስገብቶ መልሶ ማውጣት ይገባል። ይህም ለሚገዛው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይነገረው።

ሐ. ውርጭ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ጊዜ ማታ ማታ ከቤት ክፈፍ ሥር ይቀመጥ ወይም በጆንያ ይሸፈን። ውሃ የሚጠጣውም ጠዋት እንጂ ማታ አይሁን።

መ. ምግብ። በእድገት ወራት በየአራት ሳምንቱ አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ እርጥብ አፈር ላይ ይሰጥ። ፍሬውን እንዳለ አፈሩ ላይ መበተን ሥር ያቃጥላል። ሥሩ በተቆረጠ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ማዳበሪያ አይሰጥ።

ሠ. ግርዛት። አዲስ ቅርንጫፍ አራት ወይም አምስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ተትቶ ይቀነጠስ።

ረ. አፈር መለወጥ። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ፣ በክረምት መግቢያ፣ ሥሩ በጥቂቱ ተስተካክሎ አፈሩ ይለወጥ።

10. ስለ ጥድ የሚደረግ ጥንቃቄ

የሐበሻ ጥድ ችግኝም በየጣቢያው ይተርፋል፤ ለዚህ ሥራም ይሆናል። ነገር ግን ጠባዩ ከወይራ የተለየ ነው። ጥድ አረንጓዴ ከሌለበት አሮጌ ቅርንጫፍ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ቅርንጫፉ ሲያጥር ሁልጊዜ አረንጓዴ ክፍል መትረፍ አለበት። በአንድ ወቅትም ከጠቅላላው ቅጠል ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይነሣ። የሞተ ጥድ ለብዙ ሳምንት አረንጓዴ መስሎ ስለሚቆይ ሠራተኛው እንዳይታለል። ጀማሪ በወይራ ቢጀምር ይመከራል።

11. ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጥ ምክር

ድንክ ዛፍ ከመጀመሪያው ሥር ቆረጣ እስከ ጣባ ቢያንስ አራት ዓመት ይፈልጋል። በዚህ መካከል ገቢ አይገኝበትም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ፈጣን ትርፍ ተስፋ አድርጎ ማኅበሩን ማነሣሣት የለበትም። የሚከተለው አካሄድ ይመረጣል።

— ማኅበሩ በመጀመሪያው ዓመት ከ20 ወይም ከ30 ችግኝ አይበልጥ።
— ኃላፊነቱ ለሁለት ሰዎች ይሰጥ፤ አንዱ ባይኖር ሌላው ውሃ እንዲያጠጣ። አንድ ቅዳሜና እሑድ የተዘነጋ ጣባ በየካቲት ፀሐይ የአራት ዓመት ሥራ ያጠፋል።
— ለእያንዳንዱ ተክል ቁጥር ተሰጥቶ ሥር የተቆረጠበት፣ የተገረዘበትና ሽቦ የታሰረበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ። በአንድ ወቅት ሁለት ቁስል እንዳይደርስበት የሚጠብቀው ይህ መዝገብ ነው።
— በየዓመቱ ጥቂት ችግኝ እየተጨመረ ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ የሚደርስ እንዲኖር ይደረግ።
— ዋጋ ከመተመኑ በፊት የአራት ዓመት ጉልበት፣ የሳጥን፣ የጣባና የአፈር ወጪ ይደመር።
— ለተከላ የሚሆን ጤናማ ችግኝ ለዚህ ሥራ አይነሣ። የመጀመሪያው ዓላማ ተራራውን ማልበስ ነው።

ሥልጠና ሲሰጥ ከንግግር ይልቅ ሠርቶ ማሳየት ይበልጣል። አንድ ያረጀ ችግኝ በአባላቱ ፊት ፕላስቲኩ ተቀድዶ የተጠመጠመው ሥር ይታይ። ይህን ያየ ሰው ስለ ድንክ ዛፍ ብቻ ሳይሆን፣ ለተከላ የሚወስደውን ችግኝ ሥር ማየት እንዳለበትም ይማራል። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አንዱ ቢቀር ብዙ ጥቅም አለው።

12. ማጠቃለያ

ለተከላ ያለፈበት የወይራ ችግኝ በትዕግሥት ከተያዘ የሚያምርና የሚሸጥ ተክል ይሆናል። የሚፈለገው ችግኙን ከጣቢያ እንጂ ከደን አለማምጣት፣ ግንዱን በሳጥን ካወፈሩ በኋላ ወደ ጣባ ማዛወር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ወቅት ከአንድ ቁስል በላይ አለማድረስ ነው።

በዚያ በጥር ወር ካጠፋኋቸው ችግኞች ከተረፉት አንዱ ዛሬም በጣባ ውስጥ አለ። በአንድ ጎኑ ቅርንጫፍ የለውም፤ በዚያን ጊዜ የደረቀው ጎኑ ነው። ለሥልጠና ስወጣ ይዤው እሄዳለሁ። ሠልጣኞች ያ ጎን ለምን ባዶ እንደሆነ ሲጠይቁ ትምህርቱን የምጀምረው ከዚያ ነው።